ዓመት ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ የክትፎ ቤት ጠረጴዛ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ክትፎው ቀርቧል፣ አይቡና ጎመኑ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። መሐል ላይ ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል፤ አንዱ ቀይ ወይን ጉደር፣ ሌላው አምቦ ውሃ። አስተናጋጇ ሁለቱንም ከፈት ከፈት ታደርጋለች፣ ጠጪው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይቀላቅላቸዋል። (በኮካ የሚቀላቅሉትንማ ዛሬ አናንሳቸው!)

መቼም ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት መሐል ሁለቱ ጠርሙሶች የጎረቤታሞች ስም መሆናቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፋችሁ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ስትጓዙ አምቦ ትደርሳላችሁ፤ የድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት። ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሩበት፣ ጉደር ናችሁ። ምዕራብ ሸዋ ለአገሩ ጠረጴዛ ውሃውንም ወይኑንም በስሟ ሰጥታለች ማለት ነው።

አምቦ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1930 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ወርዷል፣ ወታደር ገብቷል፣ ወታደርም ሄዷል፤ አምቦ ግን አምቦ ነው። ውሃ አያረጅማ! ወይን ግን ያረጃል። እንዲያውም የፈረንሳይ ታላላቅ ቀይ ወይኖች ዝናቸውን ያገኙት በማርጀት ነው። ታዲያ የነሱ ወይን ሃምሳ ዓመት ተኝቶ ሲነሳ በጨረታ የሚሸጠው፣ የኛው ጉደር ደግሞ ከሱቅ ወጥቶ በዚያው ምሽት የሚያልቀው ለምንድን ነው? "የነሱ ስለሚጣፍጥ ነዋ!" የሚለው መልስ ቀላል ነው። ታሪኩን ስናገላብጠው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን።

ወይን ለኛ እንግዳ አይደለም

ወይን ፈረንጅ ትናንት ያመጣልን ነገር የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የጻፈ ነጋዴ የቀይ ባሕር ወደቦችን ሲዘረዝር፣ በአዱሊስ በኩል ወደ አክሱም መንግሥት ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የጣሊያንና የሎዶቅያ ወይን ጠጅ ቆጥሯል። መጠኑ ብዙ እንዳልሆነም ጽፏል። እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከውጭ የመጣ ወይን የሚያማርጥ አበሻ ነበር!

ቤተ ክርስቲያንም ያለ ወይን ቅዳሴ የላትም። ትኩስ ወይን በቀላሉ በማይገኝበት አገር ያገኘችው መላ ዘቢብ ነው፤ የደረቀው ወይን በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ለቁርባን ይቀርባል። ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ አይቶ ጽፏል። ከወይን ፍሬ የተጠመቀ ጠጅ በይፋ የሚዘጋጀው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደሆነም ይነግረናል። ወይን የቤተ መንግሥትና የቤተ መቅደስ ነበር፤ የሕዝቡ መጠጥ ጠላና ጠጅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጠላም ሆነ ጠጅ (በምዕራብ ሸዋ ኦሮምኛ ዳዲ የሚሉት) ለእንግዳ፣ ለሰርግ፣ ለማኅበር ተጠምቆ ትኩሱን የሚጠጣ ነው። ጠላ ሲቆይ ይሆመጥጣል፤ ለልጅ ልጅ ብሎ ጠላ የሚያኖር የለም። እንዲህ ስል ግን የማቆየትን ነገር አናውቅም ማለቴ አይደለም። የከረመ ቅቤና የቆየ ማር መድኃኒት ነው ብላ በቅል ወይም በገንቦ የምታኖር አያት ያልነበረችው ማን ነው? ጥር 12 የምናከብረው ቃና ዘገሊላም ቢሆን መልካሙ ወይን እስከ መጨረሻው ስለቆየበት ሰርግ የሚተርክ ነው። መቆየት ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። ወይን ላይ ግን አልሞከርነውም።

የደላሎቹ ዓመት፣ 1855

የካቲት 1855 ደጃዝማች ካሳ በደራስጌ ማርያም "ዳግማዊ ቴዎድሮስ" ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሹመት ይካሄድ ነበር። ናፖሊዮን ሦስተኛ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ፣ የቦርዶ ወይኖች በደረጃ ተቀምጠው እንዲቀርቡ ተፈለገ። ደረጃውን ያወጡት ሊቃውንት ወይም ቀማሾች እንዳይመስሏችሁ፤ ደላሎች ናቸው! የቦርዶ የወይን ደላሎች መዝገባቸውን ገልጠው የትኛው እርሻ በስንት ሲሸጥ እንደኖረ አዩና ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ መደቡ። በቀዮቹ አንደኛ የወጡት አራት ነበሩ፤ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ-ብሪዮን። ሙቶን ሁለተኛ ተባለና ወደ አንደኛ ለማለፍ እስከ 1973 መጠበቅ ነበረበት። 118 ዓመት! ትዕግሥት ማለት ይኼ ነው።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ደላሎቹ ያንን ዝርዝር ማውጣት የቻሉት ከጣዕሙ በፊት መዝገብ ስለነበራቸው ነው። የትኛው መሬት፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ዋጋ? የወይን ዕድሜ በበርሜል ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይቆጠራል። ቴዎድሮስም በበኩላቸው አገሩን መዝግበው፣ አስተካክለው፣ መድፍ አሠርተው ሊያዘምኑ ሲታገሉ የተሰጣቸው 13 ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። አንዱ አገር ለመቆየት ዕድል አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። ይህን እያሰባችሁ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

አንድ ወይን እንዴት ያረጃል?

ያልበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ ነክሳችሁ ታውቃላችሁ? ወይም ስኳር የሌለው፣ ቶሎ ያልወጣ፣ የወፈረ ሻይ? ምላሳችሁን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር ታኒን ይባላል። ቀይ ወይን ታኒኑን የሚያገኘው ከፍሬው ቆዳና ዘር፣ ደግሞም ከሚያድርበት የኦክ እንጨት በርሜል ነው። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ምሬቱን ሰጥቶ እንደሚያቆመው ሁሉ፣ ታኒንም ለወይን አጥንቱ ነው። ገና የታሸገ ጥሩ የቦርዶ ወይን የሚያፈርጥ፣ አፍ የሚያደርቅ፣ "ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ ገንዘብ?" የሚያሰኝ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከብደው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ወይኑም ይለሰልሳል። ጠርሙሱ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ይኸው ነው፤ በኛ ቋንቋ አተላ። አዎ፣ ታላቁ ላቱርም አተላ አለው! ለዚህ ነው ያረጀ ወይን ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ የሚገለበጠው።

ሁለተኛው ምሰሶ ኮምጣጣነት ነው። ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ቶሎ ይዝላል። ሦስተኛው ፍሬው ራሱ ነው፤ በደንብ ያልበሰለ ፍሬ ሃምሳ ዓመት ቢተኛም ያልበሰለ ሆኖ ነው የሚነሳው። በመጨረሻ አየር አለ። ሉዊ ፓስተር በናፖሊዮን ሦስተኛ ጥያቄ የወይንን በሽታዎች አጥንቶ በ1866 ባሳተመው መጽሐፍ አየር ወይንን እንደሚያረጅ አስረዳ። አየር ሲበዛ ወይኑ ወደ አቼቶ ይሄዳል፤ በልክ ሲሆን ግን ያበስለዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ተጋድሞ፣ ቡሹ ሳይደርቅ፣ 12 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።

ቅምሻውም ቢሆን ምሥጢር የለውም። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙን እዩ፤ ወጣት ወይን ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ያረጀው ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። አሽትቱት፤ ወጣቱ እንጆሪና ፕሪም ይሸታል፣ ያረጀው ደግሞ ቆዳ፣ ትንባሆ፣ ዝናብ የነካው አፈር። ከዚያ ጠጡትና ዋጡት፣ ጣዕሙ አፋችሁ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ቁጠሩ። ፍሬ፣ ታኒንና ኮምጣጣነት ሦስቱም ጎልተው አንዱ ሌላውን ካልደፈቀው ያ ወይን ዕድሜ አለው።

አብዛኛው የዓለም ወይን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ የፈረንሳይም ጭምር። "የቆየ ወይን ሁሉ ጥሩ ነው" የሚባለው ተረት ነው። የሚቆይ ጥቂቱ ነው፤ እሱም የዓመቱ ጠባይ ሲፈቅድ። 1945፣ 1961 እና 1982 በቦርዶ የተባረኩ ዓመታት ናቸው። እስቲ በኛ አቆጣጠር አስቡት፤ የ1961 ላቱር የተለቀመው ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ባለው መኸር ነው። ያ ጠርሙስ ንጉሡንም ደርግንም አሳልፎ ዛሬም የሚከፍተው ይፈልጋል።

ፈረንሳዮች የተረቱበት ቀን

"ይህ ሁሉ የፈረንሳይ አፈር ተአምር ነው" የሚል ካለ ግንቦት 24 ቀን 1976ን ያስታውስ። (ይኼም የፈረንጆቹ ወር ነው!) እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖችን ስማቸውን ሸፍኖ አስቀመሳቸው። በቀዮቹ አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ 1973 ነበር፤ ሙቶን 1970ን አስከትሎ።

ፈረንሳዮቹ ምን አሉ? "አሁን ጣፍጧችሁ ይሆናል፣ ሲያረጅ እናያለን። የኛ ነው የሚቆየው።" ጥሩ ክርክር ነበር፤ ጊዜ ራሱ ዳኛ ይሁን ማለት ነው። በ1986 ቀዮቹ እንደገና ተቀመሱ፣ ካሊፎርኒያ አሸነፈች። በ2006፣ ልክ በ30ኛ ዓመቱ፣ እንደገና ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው በ1976 አምስተኛ የነበረው የካሊፎርኒያው ሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 ሆነ። እስከ አምስተኛ ያሉትን ቦታዎች በሙሉ ካሊፎርኒያ ወሰደች።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ትምህርት "ካሊፎርኒያ ትበልጣለች" የሚል አይደለም። ክርክሩ ሊፈታ የቻለው በ1971 የተለቀመው ወይን "1971" ተብሎ ስለተጻፈበትና አንድ ሰው 35 ዓመት ሳይጠጣው ስላስቀመጠው ነው። የቆየ ወይን እንዲኖር መጀመሪያ ዓመት የሚጽፍና የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ጉደር እንመለስ

የጉደር ወንዝ ከዓባይ ገባሮች አንዱ ነው፤ በከተማዋ አጠገብ ፏፏቴውን እየጣለ ወደ ሰሜን ይወርዳል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ነው። ቦርዶ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አትልም። ለወይን ይህ ትርጉም አለው። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያበስለዋል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። ችግሩ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ለወይን ቅጠል የሻጋታ በሽታ ይዞ ይመጣል። ደግሞ ውርጭ ያለበት የፈረንጅ ክረምት ስለሌለን ተክሉ እንቅልፍ የለውም፤ ገበሬው በመግረዝ ነው "አሁን ተኛ፣ አሁን ተነሳ" የሚለው። ከባድ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም።

በከተማዋ ስም የሚጠራውን ደረቅ ቀይ ወይን የሚሠራው አዋሽ ወይን ነው። ፋብሪካው የንጉሡን ዘመን ያየ፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት የነበረ፣ ከዚያም በ2013 ወደ ግል የተዛወረ ነው። ከገዢዎቹ አንዱ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? በ1985 ለተራበው ወገናችን በላይቭ ኤድ ኮንሰርት ገንዘብ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ ሊቀ መንበር የሆነበት 8 ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት። በረሃብ ያወቀን ሰው በወይን ተመልሶ መጣ፤ ታሪክ ስትቀልድ እንዲህ ናት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ታሪክም ነበር። በ1998 ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ከቦርዶ የመጡ 750 ሺህ ያህል የወይን ችግኞች ዝዋይ (ባቱ) ላይ ተከለ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ፤ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ። ስማቸውንም ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ አላቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከዝዋይ አፈር የወጣው ወይን የዝዋይን ስም አልያዘም፤ ጠርሙሱ ላይ ግን ከየትኛው የወይን ዝርያ እንደተሠራ ተጽፏል። ጉደር ደግሞ የቦታ ስም ይዟል። እኔ በእጄ ባገላበጥኳቸው የጉደር ጠርሙሶች ላይ ግን የተለቀመበትን ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። አንዱ ቦታውን ተወ፣ ሌላው ዓመቱን።

ዓመት ከሌለ ደግሞ የሚያስቀምጥ የለም። ምን ብሎ ያስቀምጣል? በ1974 የአብዮቱ ዓመት የተጠመቀ ጉደር ከአንድ ሰው ጓዳ ቢገኝ እንኳ ዓመቱን ማን ያረጋግጥለታል? በዚያው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች በየግሮሰሪው የማየው ጉደር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መስኮት ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየመታው ነው። ባለሱቁን አልወቅስም፤ ሳምንት የማይቆይ ዕቃ ማን ያጋድማል? ገዢውም በአምቦ ይቀላቅለዋል፤ ቢራና ስፕራይት ጨምሮ "ቱርቦ" የሚያደርገውም አለ። ዕድሜ የማይጠበቅበት መጠጥ ክብርም አይጠበቅለትም።

ስም የማን ነው?

ፈረንሳዮች በ1935 አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። የቦታን ስም በሕግ አሰሩት። አንድ ወይን የአንድን አካባቢ ስም እንዲይዝ ፍሬው ከዚያው መሬት መምጣት አለበት፤ ዝርያውም፣ ከአንድ ሄክታር የሚለቀመው መጠንም ተወሰነ። ስለዚህ "ማርጎ" የሚለው ስም ሲከበር የማርጎ ገበሬ አብሮ ይከበራል። ስሙ ከመሬቱ ተነጥሎ መሄድ አይችልም።

እኛም ይህን ትግል በቡና አይተነዋል። በ2005 መንግሥት የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሳ ተቃውሞ ገጠመው፤ ከስታርባክስ ጋርም ተወዛገበ። በ2007 በስምምነት ተቋጨ። የዚያ ክርክር ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ ስሙ የኛ ነው፣ ከስሙ የሚገኘውም ለኛ ይድረስ።

ጉደር ግን የአንድ ፋብሪካ የምርት ስም ነው። ፋብሪካው በስሙ መጠቀሙ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም የከተማዋን ስም አገር እንዲያውቀው ያደረገው እሱ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የጉደር ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ "ከየት ነህ?" ሲባል "ከጉደር" ቢል፣ "እንደ ወይኑ?" ብለው ይስቁበታል። "እንደ ወይኑ" ሳይሆን "ወይኑ እንደኔ" ብሎ መመለስ የሚችለው መቼ ነው? የዚያ መሬት ገበሬ ሲለቅምለት፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ሲጠምቀው፣ ዓመቱም ሲጻፍበት አይደለም እንዴ?

የማርጀት አቅም የሚባለው ነገር በመጨረሻ የኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የነገ እምነት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ወይን ጓዳው ውስጥ የሚያጋድመው ከሃያ ዓመት በኋላ ቤቱ እንደሚቆም፣ ልጁ በዚያ ቤት እንደሚኖር፣ አገሩም አገር እንደሚሆን ሲያምን ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሁሉም ነገር "ሀ" ተብሎ በሚጀመርበት አገር ሰው ያገኘውን በዚያው ምሽት ቢጠጣ አይፈረድበትም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው መጀመር አለበት።

ስለዚህ ጥቆማዬ ቀላል ናት። ጠማቂዎቻችን ሆይ፣ እባካችሁ ጠርሙሱ ላይ ዓመቱን ጻፉልን። አንባቢዎቼ ደግሞ (21 ዓመት የሞላችሁ ብቻ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው!) አንዲት ጠርሙስ የአገራችንን ቀይ ወይን ግዙና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉባት። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ጓዳ ለዚህ መጥፎ አይደለም፤ ጨለማ ጥግ ፈልጋችሁ አጋድሟት። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትከፍቷት ወይ አቼቶ ታገኛላችሁ፣ ወይ የሚያስገርም ነገር። ሁለቱም ቢሆን ዕውቀት ነው፤ በ1855 ደላሎቹ መዝገብ ላይ የተጻፈውም ያው ነበር።